ጋሽ ወልዴ ያወረዷቸው ሰዎች

ጋሽ ወልዴ ማረፋቸውን የሰማሁት በቴሌግራም ነው። «የሦስት ቁጥር ሰርቪስ» የሚባል የድሮ ግሩፕ አለን፤ በበዓል በበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ ከመባባል በቀር ማንም ምንም የማይጽፍበት። ባለፈው ሰኞ ቢኒያም «ጋሽ ወልዴ አርፈዋል። ትናንት ተቀብረዋል» ብሎ ጻፈ። በኋላ ወይዘሮ አልማዝ፣ መጻፍ ስለሚሰለቻቸው ሁልጊዜ በድምፅ የሚልኩት፣ የሠላሳ ሰከንድ ድምፅ ላኩ። ከፈትኩት። ሃያ አምስቱን ሰከንድ ዝም ብለዋል። መጨረሻ ላይ «እኔስ ማንን ልከራከር?» አሉና ተቋረጠ።

ካዛንቺስ የነበረው መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ የሚያመላልሱ አራት ሚኒባሶች ነበሩት። ሦስተኛውን፣ የሳሪስን መስመር፣ የሚይዙት ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ቢኒያም ከአይቲ ክፍል ጎተራ ላይ ይሳፈራል፤ እኔ ላንቻ፤ ወይዘሮ አልማዝ ከመዝገብ ቤት ኦሎምፒያ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አንገታቸውን ደገፍ አድርገው የሚተኙ ስለነበሩ እዚህ አላነሳቸውም። ከእነሱም መሐል ግን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ እንደነበሩ በኋላ ገብቶኛል።

ጋሽ ወልዴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ከቡታጅራ አካባቢ በልጅነታቸው መጥተው አርባ ዓመት መሪ ጨብጠዋል። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ መጽሐፍ የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም ነበር። አንባቢ ያደረጋቸው የመኪናው ሬዲዮ መበላሸት ነው። ሬዲዮው ይጠገንልኝ ብለው ለንብረት ክፍል ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ ሦስት ጊዜ «በጀት ሲፈቀድ» የሚል መልስ መጣ። ጠዋት እኛን ካወረዱ በኋላ እስከ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ ግቢው አጥር ሥር ቆሞ መዋል ነው። አንድ ቀን እስከ አገጩ ድረስ መጽሐፍ የተሸከመ አዟሪ በመስኮት ብቅ ሲል፣ ከላይ ያለውን ሳይመርጡ ገዙት። በማግስቱ ጠዋት እኔ ገና በሩን ስዘጋ፣ «ሶስና፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ» አሉኝ። «አንዲት ሴት ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ምሳ ሳትበላ መኖር ትችላለች?»

የገዙት በዚያ ሰሞን ሁሉም የሚያነበው የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ዝናብ ትመታለች፤ አንድም ቦታ ግን አትቀምስም። ጋሽ ወልዴ በፍቅሩ አልተነኩም። ያስጨነቃቸው የልጅቷ ሆድ ነበር። ወይዘሮ አልማዝ መጽሐፉን አንብበውት ኖሮ «ደራሲው ሁሉንም አይጽፍም እኮ» ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። ጋሽ ወልዴ አልተቀበሉም። «ቀሚሷን አሥራ አራት ጊዜ ጽፎታል። አንድ ጊዜ ሽሮ ቢጽፍላት ምን ይጎዳዋል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። በሳምንት አንድ መጽሐፍ፣ አንዳንዴ ሁለት። የታወቀ ደራሲ፣ ያልታወቀ ደራሲ የሚል ነገር አያውቁም፤ አዟሪው ከላይ ያስቀመጠውን ይገዛሉ። ያነበቡበትን ቦታ በነዳጅ ኩፖን ስለሚያመለክቱ በየወሩ መጨረሻ ከነዳጅ ክፍል ጋር ይጨቃጨቃሉ። ጠዋት ደግሞ እኛን ይዘው መንገዱ ሲጨናነቅ ያነበቡትን ይተርካሉ። መጨረሻውን አትንገሩን ብንል የሚሰሙ አልነበሩም። መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ማን ይሳፈራል ይሉናል።

ገጸ ባሕርያቱን የሚያዩዋቸው እንደ ተሳፋሪ ነው። የወደዱትን ሰው «ይኼ የፊት ወንበር ይገባዋል» ይላሉ። ያናደዳቸውን ደግሞ ያወርዱታል። በጣም ተረጋግተው፣ ፍሬን እንደሚይዝ ሰው ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አወረድኩት» ይላሉ። እናቱን የሰደበ፣ ያረገዘች ሚስቱን ጥሎ የሄደ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነገሩን ሳይናገር በልቡ ይዞ ሃምሳ ገጽ የሚያስጠብቅ ሰው ይወርዳል። አንዴ ያወረዱት ሰው በኋላ ጥሩ ቢሠራም አይመለስም። ወይዘሮ አልማዝ ስንቴ ለምነዋቸዋል። አንድ ሐኪም ገጸ ባሕርይ ስላወረዱባቸው ሁለት ቀን አኩርፈው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል።

ሰዎች ሰርቪስ ሦስትን ያወቁት በወንጀል ልብ ወለዱ ምክንያት ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ መርማሪው ገዳዩን ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ በመኪና ያሳድደዋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በአራት ደቂቃ። ጋሽ ወልዴ ይኼን አንድ ቀን አጥር ሥር ቆመው አነበቡት። በማግስቱ ኦሎምፒያ ደርሰን ወይዘሮ አልማዝ ከተሳፈሩ በኋላ ወደ ካዛንቺስ መታጠፍ ሲገባቸው ቀጥ ብለው ወደ ለገሃር ወረዱ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት መኪናውን አቆሙና ቢኒያምን፣ ስልክህ ሰዓት ይቆጥራል ወይ አሉት። ቢኒያም ነገሩ ገባው። እንዲህ ላለ ነገር ሁሌም ዝግጁ ነው። «ጋሼ፣ ሞተሩን አስነሱ፤ ሀ ብዬ ጀምሬአለሁ» አላቸው።

ጋሽ ወልዴ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። እኔ እንደዚያ ሲነዱ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም። ሆኖም ስታዲየሙ ጋ አውቶቡስ ተገትሯል፤ አደባባዩ ላይ ትራፊኩ እጁን ዘርግቷል፤ ካዛንቺስ ዳገቱ ላይ ደግሞ አንድ አይሱዙ ጋማውን እንደያዙት በቅሎ ቆሟል። ቢኒያም እያንዳንዷን ደቂቃ ይጠራል። ተኝተው የነበሩት ሁሉ ነቅተው ይወራረዳሉ። በሠላሳ አንድ ደቂቃ ደረስን። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ሰዓታቸውን እያዩ ቆመዋል። ጋሽ ወልዴ ወርደው ኮታቸውን አስተካከሉና፣ «ጌታዬ፣ መጽሐፉ ዋሽቷል» አሏቸው።

ሥራ አስኪያጁ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ጠየቁ። ሲነገራቸው ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ፤ ለካ እሳቸውም ግማሹ ላይ ደርሰዋል። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን ጨመሩበት፤ ገዳዩ ሐኪሙ መሆኑ ካልቀረ ያን ሁሉ ቤንዚን ማቃጠል ለምን አስፈለገ አሉ። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የተየብኩት የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። «የመሥሪያ ቤቱን ተሽከርካሪ ላልተፈቀደ የሥነ ጽሑፍ ምርመራ በማዋልዎ» ይላል። ጋሽ ወልዴ ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ አስነሥተው ከመሪው ጎን ለጠፉት።

ራስን ስለ መለወጥ የሚያወሩ መጻሕፍት ሲመጡ ደግሞ የበለጠ አስቸገሩን። አንዱ፣ በየማለዳው ሦስት ሰዎችን አመስግን፤ በተለይ የሚያናድዱህን፣ የሚል ነበር። ጋሽ ወልዴ ያነበቡትን ሳይሞክሩ አይተዉም። ጎተራ ማሳለጫ ላይ አንድ ታክሲ ያለ ፍሬቻ ገባባቸው። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ከልባቸው፣ «አመሰግንሃለሁ ወንድሜ» አሉት። የታክሲው ሾፌር ትንሽ ካሰበ በኋላ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ምን ለማለት ነው አለ። ጋሽ ወልዴ ደገሙለት። ሰውየው የባሰ ተቆጣ። ከኋላ ጥሩምባው ይጮኻል። በመጨረሻ ቢኒያም ወርዶ፣ «ብሮ፣ ስድብ አይደለም፤ ማለቴ መጽሐፍ እያነበቡ ነው፣ በቃ ምዕራፍ ሁለት ላይ ናቸው» ብሎ አስረዳው። ሾፌሩ ጋሽ ወልዴን ከእግር እስከ ራስ አየና፣ እግዚአብሔር ይማርዎት ብሎ ሄደ። ጋሽ ወልዴ ዘጠኝ ቀን ታገሡ። በአሥረኛው ቀን መጽሐፉን ለዘበኛው ሰጡት። ለእግረኛ የተጻፈ ነው አሉ።

ይኼን ሁሉ ያነሳሁት ያን ጊዜ እንዴት እንስቅ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ሰርቪስ ሦስት ዝም ያለበት ጊዜ መጣ።

ሽፋኑ ላይ ሁለት ባዶ ወንበሮች የተሣሉበት ልብ ወለድ ነበር፤ በዚያ ዓመት በየካፌው ጠረጴዛ ላይ የማይታይበት ቀን አልነበረም። ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው። በእናታቸው ቤት ምክንያት ተጣልተው ይለያያሉ፤ ታላቁ ከተማ ይገባል፣ ታናሹ እዚያው ይቀራል። ጋሽ ወልዴ መጽሐፉን በጣም ወድደውት ነበር። አንድም ሰው አላወረዱም። ለአምስት ቀን በየጠዋቱ ተረኩልን፤ ወይዘሮ አልማዝ እንኳ አልተከራከሩም። በስድስተኛው ቀን ዝም አሉ። በሰባተኛውም ዝም። ቢኒያም ምን ላይ ደረሱ ቢላቸው መጽሐፉ ጠፋብኝ አሉ። መጽሐፉ ግን ከወንበራቸው ሥር፣ ከክሪኩ ጎን፣ ወደ ታች ተደፍቶ ይታየን ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ታላቁን ወንድም አወረዱት እንዴ ሲሏቸው፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ «እኔ ነኝ የወረድኩት» አሉ።

ነገሩን ለእኔ የነገሩኝ ወይዘሮ አልማዝ ናቸው፤ ከጋሽ ወልዴ ጋር ሃያ ዓመት ሠርተዋል። የጋሽ ወልዴ አባት ሲሞቱ እሳቸው አንድ ኃላፊ ይዘው ለመስክ ሥራ ሞያሌ መንገድ ላይ ነበሩ። ስልክ አይገባም። ገብሬ የሚባለው ታናሽ ወንድማቸው አንድ ቀን ጠብቆ አባቱን ቀበረ። ጋሽ ወልዴ በሦስተኛው ቀን ደረሱ። ለቀስተኛው ሁሉ ባለበት ሳልደርስ አባቴን ሸሸግክብኝ አሉት። ገብሬም የሰው ሾፌር ሆነህ የራስህን ሰው ረሳህ አላቸው። ከዚያ ወዲያ ተነጋግረው አያውቁም። አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

እኔ መጽሐፉን ከአዟሪ ገዝቼ ቅዳሜና እሁድ ተቀምጬ ጨረስኩት። መጨረሻው መጥፎ ነው። ታላቁ ወንድም ሊታረቅ ሲሄድ ታናሹ ከተቀበረ ሳምንት ሆኖታል።

ሰኞ ከሰዓት ጋሽ ወልዴ ቢሮዬ መጡ። የዓመት ፈቃድ ቅጽ ስጪኝ አሉ። ሰጠኋቸው። አሥር ቀን ብለው ሞሉ። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አቆሙት።

«ያን መጽሐፍ ጨረሰችው ይሉሻል» አሉኝ።

«ጨርሼዋለሁ።»

«ይታረቃሉ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ መጨረሻውን አትንገሩን እያልን የለመንናቸው ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ ወደ እኔ አያዩም።

«ይታረቃሉ» አልኩ።

«ማን ቀድሞ ተናገረ?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «ታናሹ» አልኩ።

«ምን አለ?»

«ና ግባ አለው።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

መነጽራቸውን አጠለቁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የግል» ብለው ጻፉና ፈርመው ወጡ። ከወንበራቸው ሥር የነበረውንም መጽሐፍ ወደ ወንድማቸው ይዘው ሄዱ።

አሥሩ ቀን እስኪያልቅ መሬት ይዋጠኝ እያልኩ ነበር። ተተኪው ሾፌር ዝምተኛ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ሰጠኝ። ወንድማቸው በር ቢዘጋባቸውስ? ታመው ወይም ሞተው ቢቆዩስ? ለወይዘሮ አልማዝ የዋሸሁትን ስነግራቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። ደግ ሥራ ሠርተሽ እንደሆነ ወይም ጉድ ሠርተሽ እንደሆነ ሲመለሱ ይታወቃል አሉ። ይኼ አላጽናናኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ ወልዴ በሬን አንኳኩ። የማረቆ በርበሬ በፌስታል ሞልተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፤ የክፍሉ ሰው በሙሉ ማስነጠስ ጀመረ። በዚያ ማስነጠስ መሐል መጽሐፉን አወጡ።

«ዋሽተሽኛል» አሉ።

አዎ አልኩ። መጽሐፉን ገልጠው አሳዩኝ። መጨረሻው የለም፤ ስምንት ገጽ ከሥሩ ተቀዷል። የገብሬ ዓይን ስለደከመ ጋሽ ወልዴ በየከሰዓቱ በረንዳ ላይ ጮክ ብለው ሲያነቡለት ሰንብተዋል። ጎረቤትም እየመጣ ያዳምጥ ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ታናሹ ሞቶ ተገኘ። ጋሽ ወልዴ ማንበብ አቃታቸው። ገብሬ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብሎ በዳሰሳ ገጾቹን ለየና ቀደዳቸው። ከዚያ፣ የከተማዋ ልጅ ይታረቃሉ ብላ የነገረችህ የትኛው ገጽ ላይ ነው አላቸው። የትም የለም፣ ከራሷ ነው አሉት።

«እንግዲያው ጽፋ ትላክልን አለ» አሉኝ ጋሽ ወልዴ። «ሰው እየጠበቀ ነው፤ መንደሩ በሙሉ መሐል ላይ ቆሟል።»

በሕይወቴ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ከስብሰባ ቃለ ጉባኤ በቀር ጽፌ አላውቅም። ቢሆንም ሁለት ቀን ፈጅቼ አራት ገጽ ጻፍኩ። ወንድማማቾቹ በር ላይ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ወፍ ሁሉ አስገብቻለሁ። ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው በጣታቸው መስመር እየተከተሉ አነበቡት። ሲጨርሱ ወንበር ሳቡ።

«ቸኩለሻል» አሉ። «ሰው እንዲህ ቶሎ አይታረቅም። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

ሦስቱንም ቀን ነገሩኝ። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆመው ና ግባ እስኪባሉ ጠበቁ፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል ብለው። ገብሬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል፤ አይናገርም። ሃያ ደቂቃ ቆሙ። መጨረሻ ላይ ያስገባቻቸው የገብሬ ሚስት ናት፤ ፀሐይ ይመታዎታል ብላ። በሁለተኛው ቀን ገብሬ የሚያወራው በሚስቱ በኩል ነው፤ ለሰውየው ምሳ ስጪው ይላል፤ ሰውየውን መንገድ እንዴት ነበር በይው ይላል። ጋሽ ወልዴም በሚስቱ በኩል፣ መንገዱ ደህና ነበር በይው ይላሉ። እሷ መሐል ቆማ ሰለቻት። በሦስተኛው ቀን ደመና መጣ። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ነበር። ገብሬ መሰላሉን ከጓሮ ጎትቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከዚያ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረ።

«መሰላሉን ያዝልኝ አለኝ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ያዝኩለት።»

ማልቀሴን ገና ጠረጴዛዬ ሥር ባለው በርበሬ አሳብቤ አለፍኩት።

ወፎቹን ሁሉ ሰርዤ እንደነገሩኝ እንደገና ጻፍኩት፤ ስሞቹን ብቻ የመጽሐፉን አደረግሁ። ጋሽ ወልዴ በመሥሪያ ቤቱ ሙጫ ከተቀደደው ጠርዝ ጋር አጣበቁት፤ ቀጥ እንዲል ሁለት ቀን ከወንበራቸው ሥር አድርገው ተቀመጡበት። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡና መጽሐፋቸውን ሁሉ በጆንያ ጭነው ገብሬ ግቢ ገቡ። ካዛንቺስም ፈረሰች፤ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሰርቪሱም ተሸጠ። አንዳንዴ ይደውሉልኝ ነበር፤ የሚደውሉት ሰው ሲያወርዱ ብቻ ነው።

የሞታቸውን ወሬ በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ለማጽናናት በጋሽ ወልዴ ስልክ ደወልኩ። ገብሬ አነሡ። ድምፃቸው የጋሽ ወልዴ ነው፤ ትንሽ ጎርነን ይላል። ማን እንደሆንኩ ስናገር ለቅሶውን ተዉትና፣ መጽሐፉን የጨረስሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ።

«እዚህ ያላነበበው የለም» አሉ። «ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። አንድ ስሕተት ግን አለበት።»

ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጣሪያው ላይ የወጣው እሱ ነው፤ እኔ ዓይኔ አያይ እንዴት ብዬ እወጣለሁ?» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ቢሆንም ተይው፣ አትንኪው። እንዳለ ይሁን» አሉኝ።